በሰባት ውሃ ያጠብኩት ዱቄት

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ እናቴ፤ ጎንደር።

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ከቋራ ስትመጪ መንገድ ላይ ያበጠው እግርሽ ተሻለው ወይ? ወንድሜ ክንዴ በላከልኝ ወረቀት «እማ ደኅና ናት፣ እህል ትበላለች» ይላል፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ወንድሜ ልጅ ሳለም ትኩሳት ይዞት እያንቀጠቀጠው «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ነበር። ዓይንሽስ? ብርዱንስ እንዴት ቻልሽው? የጎንደርን ጥር አልረሳሁትም፤ ነጠላ ብቻ ደርበሽ ደጅ እንዳትቀመጪ። እንቅልፍሽስ? የከተማው ውሻ አላስተኛኝም ትላለች ብለውኛል፤ እዚህም መጥተሽ የመኪናውን ጩኸት ስትሰሚ ውሻው ይናፍቅሻል። እኔ፣ ባለቤቴ ይፍሩና ልጃችን ኦሪት በእስራኤል አምላክ ቸርነት በሥጋ ደኅና ነን። በሥጋ ያልኩሽ አውቄ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ምግቡን አብስዬ ጨርሻለሁ፣ ቤቱን ጠርጌአለሁ፣ የኦሪትን ጠጉር አጥቤ ሠርቻለሁ። እጄ የሚይዘው ሥራ ሲያጣ ብዕር አስያዝኩት። ክንዴ፣ ይህን ለእማ ስታነብላት ጎረቤት በሌለበት አንብብላት። ምንም እንዳትዘል። ሰው እንዳይደነግጥ እያልክ የምትዘለው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን የሚዘለል አይደለም።

እማዬ፣ ፈርቻለሁ። ከሱዳን ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለፈው ደብዳቤዬ ሥራ ቀየርኩ ብዬሽ ነበር። ወለል መጥረጉን ትቼ እዚያው ሚፍዓል፣ ማለት ፋብሪካው ውስጥ፣ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። ከእኛ ሴቶች መጥረጊያ ጥላ እዚያ የገባች እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። አራት ሴቶች «አንቺ ከተሳካልሽ እኛም እንጠይቃለን» ብለው እኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ያስገቡኝ ጋሼ አለነ ናቸው። ታውቂአቸዋለሽ፤ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ኦሪት በተቅማጥ ልታልፍብኝ ስትል በጀርባቸው አዝለው ሐኪም ዘንድ ያደረሱልኝ፣ ስማቸውን በየደብዳቤዬ የማነሣልሽ ሰው። ለአለቆቹ «ይቺ ሴት እጇ ንጹሕ ነው፣ ሥራ አታበላሽም» ብለው ዋስ ሆኑልኝ። ቤታቸውም እዚሁ ሺምሾን ሰፈር ነው፤ ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ።

ፋብሪካው ለልብስ ቀለም የሚሆን ቅመም ይሠራል። ጥሬው ቤት የሚያህል የብረት ጋን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይለቀቅበታል። ሁለቱ ግን ብቻቸውን ቢውሉ ቢያድሩ አይዋሃዱም። የሚያዋሕዳቸው አንድ ጥቁር ዱቄት ነው። ሲያዩት የከሰል ብናኝ ይመስላል፤ ከሰልም ነው፤ ግን ገላው ላይ ፕላቲኒየም የሚባል ብረት ዓይን በማያየው መጠን ተነስንሶበታል። ዱቄቱ ሌላውን ያበስላል እንጂ ራሱ አያልቅም። ሥራው ሲያበቃ በማጥለያ ይወጣና ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ ከደረቀ ማንም ሳይለኩሰው ይቀጣጠላል። እንግዲህ እሱን በባልዲ ተቀብሎ በሦስት ውሃ ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። አጥቤ ከድኜ እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ ምን እንደሚያደርጉት የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ትልቁ ጋን ላይ የሚቆሙት ደግሞ ጋሼ አለነ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሁለት ባልዲ በቦታዬ ቆሞ አገኘሁ። ወረቀት አልተለጠፈበትም። ክዳኑን ባነሣው ጥቁሩ ላይ ቢጫ ውሃ ተኝቷል። የትናንቱ ሰው ሳያጥብ ጥሎልኝ ሄደ ብዬ በልቤ ሰደብኩት። በሦስት ውሃ አጠብኩት፤ ቢጫው አልለቅ አለ። አራት፣ አምስት። ታውቂኛለሽ፤ አንቺው ነሽ ያሳደግሽኝ። በወር አበባ ጊዜ ከምንቀመጥበት ከመርገም ጎጆ ወጥተን ወንዝ ስንወርድ፣ ዕቃ ስናነጻ፣ የመጨረሻውን ውሃ በመዳፍሽ ቀድተሽ ለፀሐይ አሳይተሽ፣ ጭላጭ እድፍ ካየሽበት ሁሉንም እንደገና ታስጀምሪን ነበር። እኔም የባልዲውን ውሃ በነጭ ኩባያ እየቀዳሁ በመስኮቱ አየሁት። በሰባተኛው ጠራ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ አለነ ዋስ የሆኑት ለሰነፍ እንዳልሆነ ይዩልኝ ብዬ ባልዲዎቹን እስኪያብረቀርቁ ወልውዬ አስቀመጥኳቸው።

ረቡዕ ዕለት አንደኛው ባልዲ ጋኑ ውስጥ ገባ። ከረፋዱ ጀምሮ ነገሩ አላማረም። ጋኑ ከወትሮው በላይ ሞቀ፤ የሚያልቀው በሰዓቱ አላልቅ አለ። ጋሼ አለነ ናሙና ሲቀዱ ጓንታቸው ቀዳዳ ኖሮት ፈሳሹ እጃቸውን ነካው። ታጠቡትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀና ስል ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ጥፍራቸውም እንደዚያው፣ የሞተ ሰው ጥፍር። ራሴን ይዞረኛል፣ ምንም አይደለም አሉኝ።

ሮጬ ጊልን ጠራሁት። ጊል የፈረቃው አለቃ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሲያናግርሽ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። መጥቶ አያቸውና ምን ሆኑ፣ ሁልጊዜም ጥቁር አይደሉም ወይ አለኝ። እማዬ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጮህኩበት። የአገሬን ሰው መልክ እኔ አላውቅም ወይ፣ ጥቁር ሌላ ሰማያዊ ሌላ አልኩት። የእሳቸውን የታችኛውን ከንፈር በጣቴ ገልብጬ ድዳቸውን አሳየሁት። ያን ጊዜ ነው ጊል ራሱ የገረጣው። አምቡላንስ ተጠራ። ሐኪም ቤት ደማቸው ትንፋሽ መሸከም አቁሟል አሉ፤ ሰማያዊ መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጧቸውና ነፍሳቸው ተመለሰች። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ብሎ ሐኪሙ ለባለቤታቸው ለእትዬ ንግሥት ነግሯታል። ቀሪውን አልጨረሰላትም።

በማግሥቱ ሐሙስ ምርመራ ተባለ። የመረመሩትም ጊልና ሌላ ሰው ናቸው። ጋሼ አለነ አልጋ ላይ ስለሆኑ የጠየቃቸው የለም። ጋዙን ያለ ጊዜው ከፍተው ጋኑን ያሞቁት እሳቸው ናቸው ተብሎ ተጻፈ። ሲድኑ ከጋኑ ተነሥተው ግቢ ይጠርጋሉ ተባለ። ሰባት ዓመት የቆሙበትን! እኔ ይህን ስሰማ ተናድጄ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ያን ጊዜ የማለቅሰው ለእሳቸው ነበር። ጥፋቱ ወዴት እንዳለ ገና አላውቅም።

ያወቅኩት ዛሬ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሊሞር የምትባል የላቦራቶሪ ልጅ ጓንት ፍለጋ ወደ እኔ ክፍል መጣች። ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ጋሼ አለነን የመረዛቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እሷም ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ጥሬው በአንድ ጊዜ አይበስልም አለች፤ መንገድ ላይ ግማሽ ብስል የሆነ ነገር አለ። ዱቄቱ ባዶውን ከሆነ ይህ ግማሽ ብስል ወደፊት አልሄድ ብሎ ይጠራቀማል፣ ከእሱም ሌላ ማንም ያልፈለገው ነገር ይፈላበታል። ሰውን ከነካ ደሙን ይመርዛል። ብዙ ሆኖ ከሞቀ ደግሞ ጋኑን ይቀደዋል። ለዚህ ሲባል ዱቄቱ ላይ ቫናዲየም የሚባል ነገር በጣም ጥቂት ጠብ ታደርግበታለች፤ እሱ በዱቄቱ ገላ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ብስሉን እየገፋ ያሳልፈዋል። ሰኞ ማታ በሁለት ባልዲ ላይ አፍስሼ ነበር፣ ታዲያ እንዴት እንዲህ ሆነ፣ ግራ ገባኝ አለች። መደርደሪያው ሊጠገን ስለተነሣ ባልዲዎቹን አንቺ ዘንድ አሳድሬአቸው ነበር አለች። ምን ዓይነት ነገር ነው፣ መልኩስ አልኳት። ቢጫ ውሃ አለችኝ።

እማዬ፣ እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። አዲስ ድስት ሳይሟሽ ቢጣድ ምን እንደሚሆን በስድስት ዓመቴ አውቅ ነበር። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አንዲት ሴት ከአንቺ የገዛችውን ድስት አሟሽታ ስታበቃ፣ ቆሸሸ ብላ በአሸዋ ፈትጋ አጥባው፣ ወጡ ሥሩን ቢይዝባት ገበያ መካከል መጥታ ሰደበችሽ። አንቺም ድስቱን ገልብጠሽ አይተሽ «ማሟሻውን ራስሽ ልጠሽ ጥለሽ እኔን ትሰድቢኛለሽ?» ብለሽ ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔም ስቄባታለሁ። ሊሞር በወረቀት የሣለችልኝ ይህንኑ ነበር። የጋሼ አለነን ዱቄት ማሟሻ በሰባት ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ለሊሞር ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። እዚያው አጠገቤ ቆማለች። አፌ አልከፈት አለኝ። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ሐበሻ ዕቃ ሊሰጠው አይገባም ይላሉ፣ አራቱም ሴቶች በእኔ ጦስ በመጥረጊያቸው ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ጋሼ አለነ ሲሰሙ የሚያዩኝን አስተያየት ፈራሁ። ሊሞር ጓንቷን ይዛ ወጣች። ሁለተኛው ባልዲ ታጥቦ፣ ጠርቶ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የሚገባው እሑድ ጠዋት ነው፤ እሑድ ማንም ሳይቀድመኝ ገብቼ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩና በሰባት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ስልክ አለን፤ እዚሁ አጠገቤ ነው። ሰንበት ገና አልገባም። ሊሞር ስልኳን ጽፋ ሰጥታኛለች። ብድግ ብዬ ብደውል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጄ ግን ወደ ስልኩ አይሄድም፤ ለአንቺ ይጽፋል። ለይፍሩም አልነገርኩትም። ምን ሆነሻል ይለኛል፣ ራሴን አሞኛል እለዋለሁ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እየወረደች ነው፤ ኦሪት መጥታ እማ በቃ ጨርሺ አለችኝ። እዚህ ላይ አቁሜአለሁ።

እሑድ ነው፤ ከሥራ ገብቼ ተቀምጬአለሁ። እንደምን ዋልሽ እማዬ። የዓርቡን ጽሑፍ አሁን መልሼ አነበብኩት፤ ልቀደው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ስትሰሚ ትዕግሥት ይስጥሽ።

ሰንበት ጠዋት ከጸሎት ስንወጣ ሰው ሁሉ ጋሼ አለነን ልንጠይቅ ብሎ ተነሣ። ከሐኪም ቤት ወጥተዋል። እኔ ብቀር ብዬ ፈልጌ ነበር፤ ይፍሩ ምን ነካሽ፣ ከማንም በፊት አንቺ ነሽ የምትሄጂው አለኝ። እውነቱን ነው። ሄድን። ቄሱ አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሴቶቹ በጓዳው በኩል ተቀምጠዋል። ጋሼ አለነ ትራስ ተደግፈው እንግዳ ይቀበላሉ። የከንፈራቸው መልክ ተመልሷል፤ የእጃቸው ቆዳ ግን ተልጧል። እኔን ሲያዩ ከሁሉ ይልቅ ደስ አላቸው። ይቺ ናት ያዳነችኝ፣ ይቺ ባታይልኝ አልቄ ነበር ብለው ለሰው ሁሉ አስተዋወቁኝ። ዳቦ ተቆርሶ እጄ ላይ ተሰጠኝ፤ ሳልቀምሰው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ከዚያ እትዬ ንግሥት በቁጣ ማውራት ጀመረች። ዓርብ ማታ ሰንበት ሊገባ ሲል ያ ጊል በመኪና መጥቶ ነበር አለች። ዕቃው ለመርከብ ስለዘገየ እሑድን አንጠብቅም፣ ነገ ቀትር ላይ እንጀምራለን፣ በእርስዎ ቦታ ሩሲያዊው ይቆማል፣ እርስዎ አርፈው ይዳኑ ብሎ ሄደ አለች። ሰው አልጋ ላይ ጥለው በሰንበት ሥራ ይጀምራሉ፣ እግዚአብሔርን አይፈሩም ብላ ተራገመች። ሩሲያዊው አዲስ መጪ ነው፤ በአገሩ መሐንዲስ ነበር ይሉታል፤ እዚህ በርሜል ይገፋል። የሁለት ዓመት ሴት ልጁን ፎቶግራፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለእኔም አሳይቶኛል። ሰዓቱን ስጠይቅ አምስት ተኩል ሆኗል። ለቀትር ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

ፋብሪካው ከሺምሾን በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ በሰንበት አውቶቡስ የለም። ስልኩ ከጋሼ አለነ ራስጌ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እማዬ፣ አንቺ በሰንበት የወደቀ እሳት እንኳ በእግርሽ የማትገፊ ሴት ነሽ። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ በሰንበት መብራት ብትነካ ኦሪትን በጥፊ ብያታለሁ። እዚያ ቄሱ ባሉበት፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ተነሥቼ ጨርቁን ገለጥኩና ስልኩን አነሣሁ። አንዲት አሮጊት ወይኔ ልጄ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ይፍሩ እጄን ያዘኝ፤ መንጭቄ አስለቀቅኩት።

የፋብሪካው ዘበኛ አነሣ። ጊልን ጥራልኝ፣ ሰው ሊሞት ነው አልኩት በዕብራይስጥ። ትንሽ ጠብቂ ብሎ ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። ያን ጥበቃ አልረሳውም። የሁሉም ዓይን ጀርባዬ ላይ ነው፤ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ለእናቴ ነው የማወራው፣ ምን አፍራለሁ። ጊል መጣ። ዱቄቱን እንዳታስገቡት፣ አጥቤዋለሁ አልኩት። ታዲያ ብታጥቢውስ፣ ንጹሕ ቢሆን ምን ይጎዳል አለኝ። ቢጫውን ነው ያጠብኩት፣ ሊሞር ያፈሰሰችውን፣ ሰባት ጊዜ፣ ሁለቱንም ባልዲ፣ የረቡዑንም እኔ ነኝ፣ አለነ ምንም አላጠፉም አልኩት። ከዚያ ስልኩን ጥሎ ሲጮህ ይሰማኛል። ዱቄቱ ለካ ገብቷል፤ ጋዙ ነበር ያልተከፈተው። ሩሲያዊው እጁን መክፈቻው ላይ አድርጎ ነበር ብለው ዛሬ ነገሩኝ።

ስልኩን አስቀምጬ ዞርኩ። ዕብራይስጥ ያልገባቸው የገባቸውን ይጠይቃሉ። ጋሼ አለነ ሁሉም ገብቷቸዋል። አዩኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ መቼ ነው ያወቅሽው ልጄ አሉኝ።

አሁን፣ እትዬ ንግሥት ስትናገር ነው የገባኝ አልኳቸው።

ከአፌ የወጣው ይህ ነው እማዬ። አላሰብኩበትም፤ ቀድሞኝ ወጣ። እሳቸውም አመኑኝ። ነይ ብለው ያን የተላጠ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ሳታውቂ ያጠፋሽው አይቆጠርብሽም፣ ባወቅሽበት ደቂቃ ተነሣሽ ብለው መረቁኝ። ቄሱም ነፍስ ለማዳን ነው፣ ሰንበት አልሻረችም አሉ። ያቺ ፊቷን የሸፈነች አሮጊት መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። እትዬ ንግሥት አለቀሰች። ይፍሩ እንዴት እንደኮራብኝ ብታዪው! ከሰንበት መውጫ ጀምሮ ሺምሾን በሙሉ የእኔን የሀረጓን ስም ያነሣል፤ ማዶ ያለው ሰፈር አፍሪዳር ድረስ ተሰምቷል።

ዛሬ ፋብሪካ ስገባ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። ትልቁ አለቃ ጠርቶ ቢጫው ምን እንደሆነ ያልነገርንሽ እኛ ነን፣ ባልዲው ላይ ወረቀት ያልለጠፍን እኛ ነን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አለኝ። የሐሙሱ ጽሑፍ ተሰርዟል። ጋሼ አለነ ሲድኑ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሩሲያዊው መጥቶ እጄን ጨብጦ ቆየ። የጨበጠውን እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሊሞር ግን በር ላይ ቆማ አየችኝ። ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ነገ ትናገር ይሆን፣ ከነገ ወዲያ ትናገር ይሆን እያልኩ የጫማዋን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ ስዞር ዋልኩ።

ሰንበት መሻሬን አንቺም እንደ ቄሱ ይቅር ትይኝ ይሆናል። እኔን የሚያሳድደኝ ግን ሌላ ነው። ዓርብ ብናገር ኖሮ ሰንበትም ባልተሻረ፣ ሩሲያዊውም እዚያ ባልቆመ፣ ጋሼ አለነም በዚያ ሰንበት ጥፋተኛ ተብለው ባልተኙ። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ አውቄ ዝም ብያለሁ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ያለውን የሐኪም ቃል አሁን እኔም አልጨርሰውም። ኦሪትን በጀርባቸው ያዘሉ ሰው ናቸው እኮ።

የጉዞ ወረቀትሽ አልቋል፣ ከፋሲካ በፊት ትነሺያለሽ ብሎ ክንዴ ጽፎልኛል። ስትመጪ መጀመሪያ የሚጋብዙሽ ጋሼ አለነ ናቸው፤ ካሁኑ ዝተዋል። እኔ ነገ ሄጄ ልነግራቸው አስቤአለሁ። ነገ ደግሞ ዓርብ ያልኩትን ዓይነት ነገ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ስለዚህ አደራ የምልሽ ይህ ነው፦ እቤታቸው ስትገቢ ከተቆጡኝ፣ ነግሬአቸዋለሁ ማለት ነው፣ አንቺም አብረሽ ተቆጪኝ። ከመረቁኝ ግን አልነገርኳቸውም፤ ያን ጊዜ እኔ እያለሁ፣ ይፍሩም እያለ፣ አንቺው ንገሪያቸው። የዓርቡን ገጽ ይዘሽ ነይ። አንቺ ውሸት አይተሽ ማለፍ አትችዪም፤ እኔ እንደምችል አሁን ስላወቅኩ ነው የፈራሁት።

ክንዴ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ያነበብከውን በሆድህ ያዝ፤ እማን በብርድ እንዳታስወጣት። ባለቤትህን ትዋበችን ሳምልኝ፤ በቅርብ ስለምትገላገል ከባድ ነገር እንዳታነሣ። ቤት ያከራዩዋችሁን ሴትዮ ስለ ደግነታቸው እጅ ነሥታለች በልልኝ። ይፍሩ የእማን ጉልበት ሳሚልኝ ብሏል። ኦሪት በዕብራይስጥ የጻፈችውን ከዚህ ጋር አድርጌአለሁ፤ የሚያነብ ካጣችሁ፣ «አያቴ ነይ፣ አልጋዬን እሰጥሻለሁ» ነው የሚለው። ጋሼ አለነም ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ ብለው አደራ ሰጥተውኛል፦ እንኳን ወለድሻት፣ ባወቀችበት ደቂቃ ነፍስ አተረፈች። ጻፊ ስላሉኝ ጻፍኩት።

ልጅሽ ሀረጓ
አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
እሑድ ጥር 17 ቀን 1984 ዓ.ም.